የሁለት ሰው ትምህርት ብቻን ሲለመድ

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» ይባላል። እውነት ነው። ቀንበር ሁለት በሬ ይፈልጋል። ቃሬዛን ብቻውን የሚሸከም ሰው የለም። ትግልም ሆነ ገበጣ ሁለት ሰው ካልተገኘ አይሆንም። ታዲያ ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሙያ ለመማር የተነሣ ሰው፣ ጓደኛው የራቀው እንደሆነ ምን ያድርግ? እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? ወይስ ብቻውን ሊሠራው የሚችለው ነገር ይኖር ይሆን?

ይህን ጥያቄ ዛሬ የምንመለከተው በአንድ የቻይና አገር ጥበብ አማካይነት ነው። ጥበቡ ታይ ቺ ይባላል። ስለ እርሱ የምንጽፈው የሩቅ አገር ነገር ሁሉ ያስደንቃል ብለን አይደለም። ታይ ቺን ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቀው ያቆዩት እንደ እናንተው መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ስለሆኑ ነው። ደግሞም ብቻን ስለ መማር ብዙ የሚሉት ነገር አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታይ ቺ ምንድን ነው?

በቻይና አገር ሄናን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በዚያ ክፍለ ሀገር፣ ቢጫ ወንዝ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ አጠገብ፣ ቸንጂያጎው የምትባል የገበሬዎች መንደር ትገኛለች። ስንዴና በቆሎ ይበቅልባታል። በመንደሯ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ቸን የሚባል አንድ የዘር ስም አላቸው። በ1600ዎቹ ዓመቶች በዚህች መንደር ቸን ዋንግቲንግ የሚባል ወታደር ነበር። ታይ ቺን የጀመረው እርሱ ነው ብለው ብዙዎች ያምናሉ። ጥበቡ ለረጅም ጊዜ በዘመዳሞች መካከል ብቻ ቆየ። በኋላ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ያንግ ሉቻን የሚባል ሰው (ከ1799 እስከ 1872 የኖረ) ከዚያች መንደር ተምሮ በዋና ከተማው በፔኪንግ አስተማረው። ከዚያ ወዲያ ታይ ቺ በመላው ቻይና፣ ቀጥሎም በዓለም ተስፋፋ።

ታይ ቺ የሚሠራ ሰው ከሩቅ ሲታይ በውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። እጁን ቀስ ብሎ ያነሣል፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እግሩን ድመት እንደምትረግጥ አድርጎ ያሳርፋል። የማያውቅ ሰው «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ፍቺ አለው። አንዱ የመጣን ግፊት ይመልሳል፤ አንዱ ያሳልፋል፤ አንዱ ይገፋል። ቀስ ተብሎ የሚሠራው ሰውነት ራሱን እንዲመረምር ነው። በፍጥነት የሚሠራ ስሕተት አይታይም፤ በዝግታ ሲሠራ ግን ይጋለጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በእጅ ማዳመጥ

ታይ ቺ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አሁን የተናገርነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነው። ሁለተኛው የሁለት ሰው ነው። በቻይንኛ ቱይ ሾው ይባላል፤ «የሚገፋ እጅ» እንደ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆሙና የእጃቸውን አንጓ ያገናኛሉ። ከዚያ እጃቸው ሳይላቀቅ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይቀበላል። ዓላማው መማታት አይደለም። ዓላማው የራስን ሚዛን ጠብቆ የሌላውን ሚዛን ማሳት ነው።

ጉልበት ከጉልበት ጋር ቢጋጠም የሚያሸንፈው ባለ ብዙ ጉልበቱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ታይ ቺ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው የተዘጋ በር በትከሻው እየገፋ ነው እንበል። ከውስጥ ያለው ሰው በሩን ድንገት ቢከፍተው ምን ይሆናል? ገፊው በአፍጢሙ ይደፋል። ማንም አልመታውም። የጣለው የራሱ ጉልበት ነው። የሚገፋ እጅ የሚባለው ትምህርት በሩን በትክክለኛው ጊዜ የመክፈት ትምህርት ነው ብንል አንሳሳትም።

ይሁንና ጊዜውን በምን ማወቅ ይቻላል? በዓይን ከሆነ ይዘገያል። ግፊቱ ከታየ በኋላ መልስ ቢሰጡት ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የሚታወቀው በእጅ ነው። ቻይናዎች ይህን ችሎታ «ማዳመጥ» ይሉታል። እጅ ያዳምጣል ወይ? አዎን፣ ያዳምጣል። ገበሬ ሲያርስ እርፉን የያዘው እጁ ማረሻው ድንጋይ መንካቱን፣ ሥር መያዙን፣ ጥልቅ መግባቱን ዓይኑ ሳያይ ያውቃል። እርፉን አንቆ የያዘ ጀማሪ ግን ይህን አይሰማም። እጁ ስለ ደረቀ ደንቁሯል። በታይ ቺም እንዲሁ ነው። የደረቀ እጅ አይሰማም።

ጓደኛ ሲጠፋ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለማዳመጥ የሚሰማ ነገር ያስፈልጋል። የሚገፋ ሰው ከሌለ መቀበልን እንዴት ይማሩታል?

በቸንጂያጎው ስለ ቸን ፋከ የሚነገር ታሪክ አለ። ቸን ፋከ የኖረው ከ1887 እስከ 1957 ነው። እንደሚተርኩት በልጅነቱ በሽተኛና ሰነፍ ነበር። አባቱ የታወቀ የጥበቡ አዋቂ ቢሆንም ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌዎች «የዚህ ቤት ሙያ በዚህ ልጅ ሊቋረጥ ነው» እያሉ ያሙት ጀመር። ልጁ ሰማ፤ አፈረም። ከእርሱ የሚበልጥ ጎበዝ የአጎት ልጅ ነበረውና እርሱን ለመብለጥ ተመኘ። ግን እርሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ ያኛውም ይራመዳል። እንዴት ይደረስበት?

አንድ ቀን ሁለቱ ወደ እርሻ ሲሄዱ የረሱት ዕቃ ነበር። የአጎቱ ልጅ «አንተ ሮጠህ አምጣ፣ እኔ ቀስ እያልሁ እሄዳለሁ፤ ትደርስብኛለህ» አለው። ሮጠ፣ አመጣ፣ ደረሰበትም። ያን ጊዜ ነገሩ በራለት። እርሱ አንድ ጊዜ ሲሠራ እኔ ብዙ ጊዜ ብሠራ እደርስበታለሁ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን፣ ለማንም ሳይናገር፣ እንቅስቃሴውን በየቀኑ ሠላሳ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋግም ጀመር ይባላል። ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የአጎቱን ልጅ ና እጅ ለእጅ እንግጠም አለው። ተጋጠሙ፤ ጣለውም። ቸን ፋከ በ1928 ወደ ፔኪንግ ሄዶ ታላቅ አስተማሪ ሆነ።

ተረት የሚጨምርበት ነገር ሊኖር ይችላል። በታሪክ የታወቀ ሌላ ነገር ግን እንጨምር። በ1958 ቸን ጃኦፒ የሚባል የዚያው መንደር ተወላጅ፣ ዕድሜው ከስድሳ አልፎ፣ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። ሲመለስ ጥበቡ ሊጠፋ ደርሶ አገኘው። አዋቂዎቹ ሞተዋል ወይም ተሰደዋል፤ ወጣቶቹ አልተማሩም። ሽማግሌው ወጣቶችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ከ1966 እስከ 1976 በቻይና «የባህል አብዮት» የተባለው ጊዜ መጣ። የቆየ ነገር ሁሉ ይነቀፍ ነበር። ሽማግሌውም ተሰደበ፣ ተንገላታ። በአደባባይ መለማመድ የማይቻል ሲሆን ግን ሰዎቹ በድብቅ፣ በየቤታቸው፣ በምሽት ይለማመዱ ነበር። ቸን ጃኦፒ በ1972 ሞተ። ያስተማራቸው ልጆች ግን በኋላ በብዙ አገሮች አስተማሪዎች ሆኑ። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ታይ ቺን በማይዳሰሱ የዓለም ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። እነዚያ ገበሬዎች «ጓደኛ የለም፣ ሜዳ የለም» ብለው ትተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም ነበር።

ብቻን የሚለመደው

እንግዲህ ሰው ብቻውን ሆኖ የሚለማመደው ምንድን ነው? አምስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ መቆም ነው። እግርን በትከሻ ስፋት ልክ መክፈት፣ ጉልበትን ጥቂት ማላላት፣ ሁለቱን ክንዶች ትልቅ ዛፍ እንዳቀፉ አድርጎ ወደ ፊት ማንሣት፣ ከዚያም ዝም ብሎ መቆም። ቻይናዎች «እንደ ምሰሶ መቆም» ይሉታል። ለጀማሪ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲቆሙ ራስን መጠየቅ ይገባል። ክብደቴ ተረከዜ ላይ ነው ወይስ ጣቴ ላይ? ትከሻዬ ተሰቅሏል ወይስ ወርዷል? ትንፋሼ ደረቴ ላይ ተይዟል ወይስ ወደ ሆዴ ይወርዳል? ሌላውን ሰው ከማዳመጥ በፊት ራስን ማዳመጥ ይቀድማልና።

ሁለተኛ፣ ክብደትን ማዘዋወር ነው። አንዱን እግር ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም። ከዚያ ከአንድ ቅል ወደ ሌላ ቅል ውሃ እንደሚገለበጥ ክብደትን ቀስ አድርጎ ከኋላው እግር ወደ ፊተኛው፣ ከፊተኛው ወደ ኋላው ማሳለፍ። በትክክል መተላለፉ በምን ይታወቃል? ባዶ የቀረውን እግር ወዲያና ወዲህ ሳይሉ ማንሣት ከቻሉ ውሃው በሙሉ ተገልብጧል። ካዘነበሉ ግን ገና ቅሉ ውስጥ የቀረ አለ ማለት ነው። ይህን የሚፈትን ሌላ ሰው አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሐር መምዘዝ የሚባለው ነው። ሐር ከትል የሚገኝ ክር ነው። ትሉ ራሱን ከጠቀለለበት ክሩን የሚመዝዝ ሰው በኃይል ቢጎትተው ይበጠሳል፤ ቢያላላውም ይወሳሰባል። ጥጥ የምትፈትል እናት ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። እንዝርቱን እያሾረች ባዘቶውን ስትስብ እጇ እኩል ካልሄደ ፈትሉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ ወይም ይበጠሳል። በታይ ቺ ክንድን በአየር ላይ ቀስ አድርጎ ማዞር ይህን ይመስላል። እንቅስቃሴው ከእግር ይነሣል፣ በወገብ ያልፋል፣ መጨረሻ እጅ ላይ ይደርሳል። መካከል ላይ መቋረጥ የለበትም። ክሩ የተበጠሰበት ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ጓደኛ የሚገፋበት ቦታ ነው።

አራተኛ፣ የሌለውን ሰው እንዳለ ማየት ነው። የሚገፋ እጅ አራት መሠረታዊ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ፐንግ ነው፤ በአየር እንደ ተነፋ ስልቻ ሆኖ ግፊትን መያዝ ነው። ሁለተኛው ሊዩ ነው፤ የመጣውን ግፊት ወደ ጎን ስቦ ማሳለፍ ነው። ሦስተኛው ጂ ነው፤ ሁለት እጅን አጋጥሞ መጫን ነው። አራተኛው አን ነው፤ በመዳፍ መግፋት ነው። «የድንቢጥን ጭራ መያዝ» በሚባለው የብቻ ልምምድ ውስጥ እነዚህ አራቱ በተራ ይገኛሉ። በ1956 የቻይና መንግሥት ለሕዝብ እንዲቀል ብሎ ባዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይ ቺ ውስጥም በግራና በቀኝ ተመድበዋል። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ ሰው የሁለት ሰውን ትምህርት ሳያውቀው ይዞታል። የሚጎድለው ሐሳቡ ነው። እጁን ሲያነሣ «አሁን የሰው መዳፍ አንጓዬ ላይ አረፈ» ማለት አለበት። ሲስብ «አሁን እየመጣ ነው፤ አሁን አለፈ» ይላል። አንድ ጊዜ ገፊውን፣ አንድ ጊዜ ተገፊውን ሆኖ መሥራት ይገባዋል።

አምስተኛ፣ ዕቃን ጓደኛ ማድረግ ነው። ግድግዳ አንድ ጓደኛ ነው። መዳፍን ግድግዳ ላይ አድርጎ በኋላው እግር ቀስ ብሎ መግፋት፤ ግፊቱ ከተረከዝ ተነሥቶ በወገብና በጀርባ አልፎ እጅ ላይ ሲደርስ መከታተል። እኛ ይህን መጀመሪያ ስንሞክረው የደከመው ክንዳችን ብቻ ነበር፤ እግራችን ሥራ ፈት ነበር። ስሕተታችንን ግድግዳው ነገረን። ሌላው ጓደኛ ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ የሞላበት ከረጢት ነው። ገፋ ያደርጉትና ሲመለስ በመዳፍ ይቀበሉታል። «ጧ!» ብሎ ድምፅ ከሰጠ እጅ ደርቋል ማለት ነው። ድምፅ ሳይሰጥ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ግን እጅ ማዳመጥ ጀምሯል። ከረጢትም ከታጣ የራስ ሁለት እጅ አለ። ግራ እጅ የቀኙን አንጓ ይገፋል፤ ቀኙ ሳይላቀቅና ሳይታገል ይከተላል። ከዚያ ይለዋወጣሉ።

ይህ ሁሉ በቀን ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከመሥራት በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል። ጉልበት ካመመ ዝቅ ማለትን መቀነስ፣ መሬቱ የሚያዳልጥ ከሆነ ቦታ መለወጥ ይገባል። ሽማግሌዎች የሚይዙት ነገር አጠገባቸው ቢኖር ጥሩ ነው። ታይ ቺ የሚሠሩ አረጋውያን የመውደቅ አደጋቸው እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ነገር ግን ለመማር ሲባል መውደቅ የለም።

ብቻን የማይለመደው

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ብቻን የማይለመድ ነገርም አለ።

ግድግዳ አያታልልም። ከረጢት የሚመለሰው ሁልጊዜ በሄደበት መንገድ ነው። ግራ እጅ ሊገፋ ሲል ቀኙ ቀድሞ ያውቃል፤ የሁለቱም ጌታ አንድ ነውና። በሐሳብ የፈጠርነው ጓደኛ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እኛ የፈለግነውን ብቻ ያደርጋል፤ በፈለግነው ጊዜ ይወድቅልናል። እውነተኛ ሰው ግን ሊገፋ መስሎ ይስባል፤ ሊስብ መስሎ ይገፋል። ስንጠብቀው ይቆያል፤ ሳንጠብቀው ይመጣል። ስንገፋም አንዳንዴ ፍርሃት ይይዘናል፤ ትከሻችን ይሰቀላል፤ ትንፋሻችን ይቆማል። ይህን የሚያወጣው ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ብቻውን የተለማመደ ሰው አንድ አደጋ አለበት። ተምሬአለሁ ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። ቸን ፋከ ሦስት ዓመት ብቻውን ሠራ፤ ነገር ግን በመጨረሻ ከአጎቱ ልጅ ፊት ቆመ። ባይቆም ኖሮ ምን እንዳወቀና ምን እንዳላወቀ ራሱም አያውቅም ነበር። ብቻን መለማመድ ለጓደኛ መዘጋጀት ነው እንጂ ጓደኛን መተካት አይደለም። ጓደኛው በወር አንድ ቀን ቢገኝ እንኳ ያ ቀን የወሩን ሥራ ይመዝነዋል። ጉድለቱን ያሳያል፤ ቀጣዩ ወር በምን ላይ መሠራት እንዳለበት ይናገራል።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ቀኑን ሙሉ ሲያርስና ሲያጭድ የዋለ ሰው «ማታ ደግሞ ግድግዳ ልግፋ?» ቢል አንፈርድበትም። ታይ ቺን መሥራት የፈለገ ይሥራው፤ ያልፈለገ ይተወው። ነገር ግን ለሁላችንም የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለው።

ማንበብና መጻፍም የሁለት ሰው ሙያ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ፣ የሚያነብ ሌላ። የሚያስተምር አንድ፣ የሚማር ሌላ። አስተማሪው ወደ መጣበት ሲመለስ ግን ተማሪው ብቻውን ይቀራል። ብዙ ሰው የተማረውን ፊደል የሚረሳው በዚህ ጊዜ ነው። አእምሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ «ከማን ጋር ላንብብ?» ብሎ ስለሚተወው ነው።

ከቸንጂያጎው ገበሬዎች የምንማረው ይህን ነው። ብቻ የቀረ ሰው ግማሹን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በየቀኑ አንድ ገጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ከተማ ላለ ልጅ ወይም ለወንድም፣ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ቆጥሮ፣ ሁለት ሦስት መስመር መጻፍ ይቻላል። «ይህን ቢያነብ ምን ይለኛል? ይህችን ቃል ይረዳታል ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ የሌለውን ሰው እንዳለ ማየት ነው። ከዚያ በገበያ ቀን፣ ወይም ለማኅበር ሲሰበሰቡ፣ ወረቀቱን ለሌላ ሰው አሳይቶ «እስቲ አንብበው» ማለት ያስፈልጋል። ካነበበው እሰየው። ከተደናቀፈ ደግሞ የተደናቀፈባት ቦታ ክሩ የተበጠሰባት ቦታ ናት። ማታ ተመልሶ እርሷን ማቃናት ነው።

ጥያቄዎች

1. «የሚገፋ እጅ» በሚባለው ትምህርት ዓላማው ምንድን ነው?
2. ገበሬ እርፍ ይዞ ሲያርስ በእጁ የሚያውቀው ምን ምን ነው? ከራሳችሁ ሥራ ሌላ ምሳሌ ጨምሩ።
3. ቸን ፋከ ወደ እርሻ ሲሄድ የገባው ነገር ምን ነበር?
4. ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በሙሉ መተላለፉ በምን ይታወቃል?
5. ግድግዳና ከረጢት ሊያስተምሩን የማይችሉት ምንድን ነው?
6. ርቆ ላለ አንድ ዘመዳችሁ አምስት መስመር ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ለጎረቤታችሁ ሰጥታችሁ አስነብቡት።